ቁልፌን መልስ፣ ፈንታው

ፈንታው፣ እንዴት አደርክ? ተቀመጥ፣ አትፍራ፤
ዛሬ አልመጣሁብህ ለጠብ ለፉከራ።
ያቺን የሰኔዋን ወረቀት አውጣልኝ፣
በካኪ ፖስታ ውስጥ አጥፈህ የያዝክብኝ፤
«ለሌላ ደላላ ቤቱ እንዳይነገር፣
ስድስት ወር ሞልቶት ካልሆነ በስተቀር»
ብለህ ያስፈረምከኝ፣ ቧንቧ ውሃ ቆመን፣
ዝናቡ ቀለሙን ሳያጥበው ቀድመን።

ሐምሌ፣ ነሐሴ ሄደ፣ መስከረምም ጠባ፣
ጥቅምትም ኅዳርም ወጣ እንደ ገባ፤
ያንተ «ነገ» ብቻ እስከ ዛሬ አለ፣
ሌላው ሁሉ ረግፎ እሱ እየበቀለ።

እስኪ እንቁጠራቸው፣ ያመጣሃቸውን፦
አንዱ ዶፍ ያባረረው፣ በእጁ ይዞ ጫማውን፣
ስለ ቤት ብነግረው «አባራ ወይ?» ያለኝ።
ሁለተኛው ደግሞ ያክስትህ ልጅ ኖሯል፣
ግማሽ ዋጋ ጠርቶ «ለውለታ ነው» ብሏል።
ሦስተኛ አልነበረም። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፣
የገዛ ቤቴን ላይ ደጅ የጠናሁኝ።

ያንን ለት ነው ያየሁ፤ ሳሎኔ ሲሸተኝ፣
የማላውቀው ሽንኩርት በጆንያ ሲያፈጠኝ።
የስፌት መኪናዬ ቆማ የኖረችበት፣
አርባ ዓመት ሙሉ ጨርቅ የፈሰሰበት፣
የሙሽራ ቀሚስ፣ የተማሪ ቁምጣ
ከዚያች መስኮት ብርሃን ተሰፍቶ የወጣ፣
እዚያ ሥፍራ ቆመህ፣ ጀርባህን ሰጥተህ፣
ጦሳን በመስኮቴ በስልክህ አንስተህ
ለሰው ትልካለህ፦ «እይታውን እየው!»
የምትሸጠው ግን የሌላ ሰው ቤት ነው።

«ጣራው እንደሚያፈስ ንገራቸው» ብልህ
ጣራውን ደብቀህ ጸሐዩን ረሳህ።
የጓሮውን ኮክ፣ የጎረቤቱን ደግነት
ማን ነገራቸው? እኔስ መች ጠላሁት፣
ጉልበቴ ዳገቱን እምቢ ስላለኝ ነው፤
ሐይቅ ያለች ልጄ «ነይ፣ ሜዳው ይሻልሻል» ብላኝ ነው።

እናትህ ያንን ስም ያወጡልህ ባንባ ነው፣
በሞተው ልጅ ፈንታ «ይኑርልኝ» ብለው፤
አንተ ግን ያን ስም በገበያ ፈታኸው፣
ከየቤቱ ዋጋ ፈንታህን ቆጠርከው።

የስፌት ሰው ነኝ፤ ውል ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣
ልቃቂት ሲወሳሰብ ጫፉን እፈልጋለሁ።
ጫፉ የጠፋ ለታ፣ መተርተር ከንቱ ነው፣
መቀስ ነው፣ ፈንታው፤ እኔም የያዝኩት እሱን ነው።

ዝም አለ። ቀስ ብሎ ከወገቡ ፈትቶ
የቁልፍ ዘለላ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣
አንዱን አነሳና ጣለው፣ ሌላ አነሳ፤
የኔን አላወቀም። ወይ የቤት አበሳ!
ሠላሳ በር ይዞ አንዱንም አያውቀው።
«ቀይ ክር ነበረበት፣ ጣቴ የቋጠረው።»
ክሩን ግን ጥሎታል።

ዳገቱን እያረፍን ሆጤ ድረስ ወጣን፣
በሩ ላይ ቆመን አንድ ባንድ ሞከርን፤
ዘጠነኛው እምቢ፣ አሥረኛውም እምቢ፣
አሥራ አንደኛው ዞረ።
በገዛ ቤቴ በር እሱ አለኝ፦ «ግቢ።»

ጆንያውን አወጣ፣ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ፣
ላቡ ከግንባሩ አገጩ ላይ ፈሶ።
ወረቀቱን ቀደድን፣ እኩሌታው ለሱ፤
በየግንቡ ለለጠፈው ጽሑፍ መቶ ሃምሳ ብር
ሰጠሁት። ቆጥሮ ከተተው በኪሱ።

ሊወጣ ሲል ቆመ፣ ወለሉን አየና፤
በምሥራቁ መስኮት ጸሐይ ገብታለችና።
«እትዬ ዚነት» አለ፣ ድምፁ እየሰለለ፣
«ይሄ ጸሐይ ጧት ጧት እዚሁ ነው ያለ?»

«ስድስት ወር ሙሉ» አልኩት፤ የሽንኩርቱን ቅርፊት
ጠረግሁ ወደ ደጁ፣ ወደ ቆመበት ፊት።